ወና የቀረ ከተማ የማን ነው?

አንድ ቤት ሰው ሲለቀው ወና ሆነ እንላለን። ከተማው በሙሉ ሰው ሲለቀውስ ምን እንበለው? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ሥፍራ የሙት መንፈስ ከተማ ብለው ሰይመውታል፤ እኛ ግን በቤታችን የታወቀ ቃል ሳለን ከሩቅ መበደር አያስፈልገንምና በዚህ ጽሑፍ ወና ከተማ እንለዋለን። ወና ከተማ ስንል በሺህ ዓመታት ብዛት አፈር የተጫነውን ጥንታዊ ፍርስራሽ ማለታችን አይደለም። ሰዎች ለአንድ ሥራ፥ አብዛኛውን ጊዜ ማዕድን ለማውጣት፥ በጥድፊያ ቆርቁረውት፥ ማዕድኑ ሲነጥፍ በጥድፊያ የለቀቁትን፥ ነገር ግን ቤቱና መንገዱ፥ መቃብሩና መጠጥ ቤቱ እስካሁን ቆሞ የሚታየውን ሥፍራ ማለታችን ነው።

እንደነዚህ ያሉት ከተሞች በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፥ በካሊፎርኒያ፥ በኔቫዳ፥ በኮሎራዶና በአካባቢያቸው፥ በብዙ መቶ ይቈጠራሉ። በእነርሱም ላይ የቈየ ክርክር አለ። በአንድ ወገን ታሪክ ወዳዱ፥ ጎብኚውና አያቱ እዚያ ማዕድን የቈፈሩለት ሰው ቆመው «ይህ የሁላችን ታሪክ ነው፤ ገብተን እንየው» ይላሉ። በሌላው ወገን የባለርስትነት ወረቀት የያዘው ሰው «አትግባ» የሚል ሰሌዳ ተክሎ ይጠብቃል። የአገራችን ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። አጥሩ ከወደቀ ስድሳ ዓመት ቢሆነው፥ ባለቤቱም ማን እንደሆነ ባይታወቅስ?

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ እንጂ የሕግ ተማሪዎች አይደለንም። ነገር ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ጠበቆችን ብቻ አይደለምና ተማሪ የሆነ ሁሉ ሊከታተለው በሚችል መንገድ ለማስረዳት እንሞክራለን። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ብንገልጽ፥ ተከራካሪዎቹ የማይግባቡት ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ስለሚቈጥሩ ነው። «የማን ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ይግባ?» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው።

ሀ. መሬቱ ባለቤት ያገኘው እንዴት ነው?

ካሊፎርኒያ ውስጥ በጥር 1848 ወርቅ ተገኘ። በሚቀጥሉት ዓመታት ወርቅና ብር ፈላጊው በምዕራቡ ተራራና በረሃ ሁሉ ተበተነ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ፓዩትን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን መሬቱን የራሱ አድርጎ ቈጠረውና ለቈፋሪው ፈቀደ። ይህንን ፈቃድ ሥርዓት ያበጀለት የ1872ቱ የማዕድን ሕግ ነው፤ ብዙ ቢሻሻልም ዛሬም አልተሻረም።

በሕጉ መሠረት በመንግሥት መሬት ላይ የወርቅ ወይም የብር ሥር ያገኘ ሰው ቢበዛ 1,500 ጫማ ርዝመትና 600 ጫማ ስፋት ያለው ቦታ ከልሎ ምልክት ይተክላል፤ ያስመዘግባልም። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን የሚሰጠው የመቈፈር መብት ብቻ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ይቀራል። ቈፋሪው በቂ ማዕድን መኖሩን ካስረዳና የታዘዘውን ሥራ ከሠራ፥ ለአንድ ኤከር 5 ዶላር ከፍሎ መሬቱን ራሱን የግል ርስቱ ለማድረግ ይችል ነበር። ኤከር ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያነሰ ነው፤ በአሮጌው ልካችን ብናሰላው ለአንድ ጋሻ ወደ 500 ዶላር ገደማ ይደርሳል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከ1994 ጀምሮ በዚህ መንገድ አዲስ ርስት እንዳይሰጥ አግዷል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠው ግን ከልጅ ወደ ልጅ፥ ከገዢ ወደ ገዢ እየተላለፈ ይኖራል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ መንገደኛ ሁለት ወና መንደሮች ጎን ለጎን ቢያይ በዓይኑ ሊለያቸው አይችልም፤ በሕግ ዘንድ ግን አንደኛው የግል ርስት፥ ሁለተኛው የመንግሥት መሬት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም በ1955 በወጣ ሕግ መሠረት ከዚያ ወዲህ የተከለለ፥ ርስት ያልሆነ የማዕድን ቦታ የያዘ ሰው ሥራውን እስካላሰናከሉበት ድረስ ሌሎች ሰዎች በላዩ ቢያልፉ ሊከለክላቸው አይችልም። እንግዲህ ያው «አትግባ» የሚለው ሰሌዳ በአንዱ ቦታ ሕግ ሲሆን በሌላው ቦታ የባለጉዳዩ ምኞት ብቻ ይሆናል።

ኔቫዳ ውስጥ ያለችው ራዮላይት ለመንግሥት መሬት ምሳሌ ትሆነናለች። በ1905 ገደማ ተቈረቈረች፤ ባለ ሦስት ፎቅ ባንክና የባቡር ጣቢያ ሠራች፤ በ1920 ግን ወና ለመሆን ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ክፍሏ በመንግሥት መሬት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እጅ ስለሆነ ጎብኚው ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል፤ የሚያገኘው ግን ጣራ የሌለው የባንክ ግድግዳ ነው።

ለ. ሰው ሲሄድ ወረቀቱ ይቀራል

ብዙ ሰው «ጥለውት ሄደዋልና ባለቤት የለውም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሰው ቤቱን ትቶ ቢሄድ የቤቱ ባለርስትነት አብሮት አይጠፋም። ግብር ሳይከፈልበት ከቀረ የአውራጃው አስተዳደር ይወስደዋል፤ ይዞ ያቈየዋል ወይም በሐራጅ ይሸጠዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ወና ከተማ በመቶ በሚቈጠሩ ወራሾች መካከል ተበጣጥሶ ሲገኝ፥ ሌላው ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃሎ ይገኛል።

በአንድ እጅ ለተጠቃለለው ከሁሉ የታወቀችው የካሊፎርኒያዋ ቦዲ ናት። በ1859 ቦዴይ የሚባል ሰው እዚያ ወርቅ አገኘ፤ እርሱ ራሱ በበረዶ ማዕበል ሞተ፤ ስሙም አጻጻፉ ተለውጦ ለከተማዋ ቀረ። ከፍታዋ 2,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባችን ትበልጣለች፤ ብርዷም እንደዚያው ነው። በ1870ዎቹ ማብቂያ ትልቅ የወርቅ ሥር ሲገኝ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ጐረፈባት። ወዲያው ግን ወርቁ እየቀነሰ ሄደ። በ1932 በተነሣው ቃጠሎ ብዙው ክፍል ወደመ፤ በ1942 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ።

ከተማዋ ጭርስ ብላ ያልጠፋችበት ምክንያት ለክርክራችን ቁም ነገር አለው። ጄምስ ኬን የተባለ ነጋዴ ሰው በለቀቀ ቍጥር ቦታውን እየገዛ አብዛኛውን ጠቀለለ። ቤተ ሰቡም ዘበኛ ቀጥሮ ከሌባና ከአፍራሽ አስጠበቀው። በ1962 ካሊፎርኒያ ቦዲን ታሪካዊ መናፈሻ አድርጎ ለሕዝብ ከፈታት። ስለዚህ ዛሬ ሕዝቡ ገብቶ የሚያየው ነገር ሊገኝ የቻለው የግል ባለርስት ለዓመታት በሩን ዘግቶ ስላቈየው ነው። ለሕዝብ መብት የምንከራከር ሁሉ ይህንን ልንዘነጋ አይገባንም።

የቦዲ አያያዝም ያስተምራል። ቤቶቹ አይታደሱም፤ እንዳይወድቁ ብቻ ይደገፋሉ። ጎብኚው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በተወሰነ ሰዓት መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ አብዛኛዎቹን ቤቶች ግን በመስኮት ያያል እንጂ አይገባባቸውም። ሳህኑ ከገበታው ላይ፥ ዕቃው ከሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ጠርሙስ ወይም ምስማር በኪሳቸው ይዘው የሄዱ ጎብኚዎች ዕድላችን ጠመመ እያሉ የወሰዱትን ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ መመለሳቸው የታወቀ ነው። ሕግ ያላስፈራውን ሰው እርግማን አስፈራው ማለት ነው።

ሐ. የባለርስቱ ወገን ምን ይላል?

ባለርስቱ ስስታም ስለሆነ ብቻ ይዘጋል ብንል ፍርደ ገምድል እንሆናለን። አንደኛ፥ አደጋ አለ። በካሊፎርኒያ ብቻ የተተዉት የማዕድን ጉድጓዶች ሥፍራ ወደ 47,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። በላያቸው የተረበረበው እንጨት በስብሷል፤ ውስጣቸው የታመቀ አየር ሰው ይገድላል፤ አንዳንድ ቦታም ያረጀ ዲናሚት ይገኛል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው እንዲህ ላለው ጎብኚ ነው። ጎብኚው ቢጐዳ ባለርስቱ ፍርድ ቤት መቆሙን ይፈራል። እርግጥ ካሊፎርኒያ በ1963 ባወጣችው ሕግ ያለ ዋጋ ለመዝናናት በገባ ሰው ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት የባለርስቱን ኀላፊነት በእጅጉ አቅልላለች፤ ዋጋ ካስከፈለ ግን ይህ ጥበቃ ይቀርበታል።

ሁለተኛ፥ ስርቆት አለ። የበር መዝጊያ፥ የመስኮት መስተዋት፥ አሮጌ ሳንቃ ሁሉ ገዢ አለው። ሃያ ዓመት ንፋስና በረዶ ያልጣለውን ቤት አንድ የጭነት መኪና በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ፥ ሕዝብ በአንድ መንገድ ለረጅም ጊዜ ያለ ከልካይ ከተመላለሰበት መመላለሱ ራሱ መብት ወደ መሆን ሊደርስ ይችላል። በ1970 የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በባሕር ዳርቻ ቦታዎች ጉዳይ፥ ሕዝብ ለ5 ዓመታት እንደ ራሱ ከተገለገለበት የሕዝብ መብት ተመሥርቷል ብሎ ፈረደ። ይህን የሰማ ባለርስት ሁሉ ምን አደረገ? አጠረ! እስከዚያ ድረስ በደግነት ዝም ብሎ ያሳልፍ የነበረው ሰው ደግነቱ ርስቱን እንዳይቀንስበት ሠጋ። ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ከባሕር ዳርቻ ውጪ ይህ እንዲገታ ሕግ አወጣ። ከዚህ የምንማረው ለሕዝብ የታሰበ ፍርድ በር ሊያዘጋ እንደሚችል ነው።

መ. የሕዝቡስ ወገን?

የሕዝቡ ወገን የመጀመሪያ መሣሪያ መንገድ ነው። በ1866 የወጣ የማዕድን ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ ለሕዝብ መንገድ መሥራትን ፈቅዶ ነበር። ሕጉ በ1976 ቢሻርም ከዚያ በፊት የተመሠረተው የመንገድ መብት አልተነካም። ስለዚህ ወደ ወና ከተማ የሚወስደው የጋሪ መንገድ፥ ዛሬ በግል ርስት መካከል ቢያልፍ እንኳ፥ የሕዝብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማስረጃው ግን አሮጌ ካርታ፥ የሽማግሌ ምስክርነትና የአውራጃ መዝገብ ነውና ክርክሩ አያልቅም፤ የዩታ መንግሥት ብቻ ከ12,000 በላይ የሚሆኑ መንገዶችን በዚህ ሕግ የእኔ ናቸው ብሎ ፍርድ ቤት ቀርቧል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሕግ ይልቅ የፍትሕ ነው፤ እኛም ከሁሉ ይበልጥ የከበደ ሆኖ ያገኘነው ይህንን ነው። ከተማን የሚሠራው ባለርስቱ ብቻ አይደለም። በቦዲ ቻይናውያን የራሳቸው ሠፈር ነበራቸው፤ እንጨት ይሸጡ፥ ልብስ ያጥቡ፥ አትክልት ያቀርቡ ነበር። በዚያ ዘመን ቻይናዊ የአሜሪካ ዜግነት ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ በ1913 ደግሞ ካሊፎርኒያ እንደነርሱ ዜግነት የተከለከሉ ሰዎች የእርሻ መሬት በስማቸው እንዳይገዙ በሕግ አገደች። መሬታቸውን የተነጠቁት ፓዩቶችም በገዛ አገራቸው የቀን ሠራተኞች ሆነዋል። እነዚህ ሁሉ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት የርስት ወረቀት አልነበራቸውም። እንግዲህ «ወረቀት ያለው ብቻ ይግባ» ካልን፥ ያንጊዜ መሬት የተከለከለውን ሰው ዘር ዛሬ ደግሞ መታሰቢያውን እንከለክለዋለን። ርስት ላልነበረው ሰው ልጅ የቀረው ውርስ ሄዶ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ማለታችን ግን ቤቱ ይወረስ ማለታችን አይደለም። አንድ ሕንጻ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ቢገባ እንኳ፥ መዝገቡ ብቻውን ባለቤቱን በሩን እንዲከፍት አያስገድደውም፤ በገዛ ገንዘቡ ቢያፈርሰውም አይከለክለውም። ብዙ ሰው መዝገቡን እንደ ዘበኛ ይቈጥረዋል፤ ዋና ሥራው ግን ቦታው የታሪክ ቦታ ነው ብሎ ማወቅ ነው።

ሠ. መንግሥት ቢይዘውስ?

«ሁሉንም መንግሥት ቢወስደው ነገሩ ያልቅ ነበር» የሚል ጓደኛ በክርክር መካከል አይጠፋም። ለእርሱ መልስ ለመስጠት ከማዕድን ከተሞች ወጥተን ወደ እንግሊዝ አገር ጥቂት ፈቀቅ እንበል። በሶልስበሪ ሜዳ ላይ ኢምበር የሚባል መንደር አለ። የጦር ሚኒስቴር የመንደሩን መሬት አስቀድሞ ገዝቶት ነበር። በኅዳር 1943 ለነዋሪዎቹ በ47 ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ደረሳቸው፤ ወደ 150 የሚሆኑት ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ የምንመለስ መስሏቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። በጥር 1961 ከ2,000 የበለጡ ሰዎች የመንደሩ መንገድ ይከፈት ብለው በሰልፍ ገቡ። መንደሩ ግን ዛሬም የጦር ልምምድ ሥፍራ ነው፤ ሕዝቡ መንገዱንና ቤተ ክርስቲያኑን የሚያየው በዓመት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ በሩ ግን ከብዙ የግል ርስት ይበልጥ የተዘጋ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ስዊድንን እንመልከት። እዚያ በግል ጫካና ሜዳ ላይ ማንም ሰው በእግሩ ለመሄድ የቈየ መብት አለው። ስኮትላንድም በ2003 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። በሁለቱም አገሮች መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይኖራል፤ መንገደኛው ግን ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል፤ የሰው መኖሪያ ቤትና ግቢው ከዚህ ውጪ ነው። ስለዚህ የመንግሥት የሆነው ሁሉ ክፍት አይደለም፤ የግል የሆነውም ሁሉ ዝግ አይደለም። መነሻችን ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን ያስቀመጥናቸው ለዚህ ነው።

ረ. እንዴት ይታረቅ?

እኛ እንደሚታየን ወና ከተማ አንድ ነገር ሳይሆን አራት ነገር ነው፤ ለአራቱም ልዩ ልዩ ደንብ ይገባቸዋል። መንገዱ የሕዝብ ይሁን፤ ከተማ ያደረገው የብዙ ሰው እግር ነውና። መሬቱ የባለቤቱ ይሁን፤ ነገር ግን በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ መሥመር የመተላለፊያ መብት በውል ይሰጥበት፤ ለዚህም ባለቤቱ ከጉዳት ክስ ይጠበቅ፥ በግብርም ይታገዝ። ቤቱን በሚመለከት የመግባት ፈቃድ የባለቤቱና የሚጠብቀው ሰው ይሁን፤ የማየት ግን ለሁሉም ይሁን። ዕቃው ከቦታው አይነሣ፤ በአሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን የጥንት ዕቃ ያለ ፈቃድ ማንሣት ከ1979 ጀምሮ ወንጀል ነው።

ይህ የወረቀት ሐሳብ ብቻ አይደለም። በኮሎራዶ በ1880 በተቈረቈረችው ሴንት ኤልሞ የከተማው መንገድ የሕዝብ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት የእንጨት ቤቶች ግን አብዛኛዎቹ የግል ናቸው። ጎብኚው በመንገዱ መካከል እየሄደ ቤቶቹን በሰላም ያያቸዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሴሮ ጎርዶ የተባለችው የብር ከተማ በ2018 በ1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለግል ገዢዎች ተሸጣ፥ እነርሱም እየጠገኑ ጎብኚ ያስገባሉ። በ1871 የተሠራው ሆቴሏ ግን በሰኔ 2020 በእሳት ጋየ። ይህ የሚያሳስበን ባለቤቱ የግልም ሆነ የመንግሥት፥ ውሃና ዘበኛ የሌለው ታሪክ በአንድ ሌሊት ዐመድ እንደሚሆን ነው።

በመጨረሻ አንባቢያችን «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል አንፈርድበትም። በአገራችን ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ርስት መሆኑ ቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን። «ማን ይግባ? ማን ይጠብቅ?» የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። በአፋር በዳሎል፥ የውጭ ኩባንያዎች ፖታሽ ለማውጣት ደክመውበት የተዉት ሠፈር አለ፤ በጨው ድንጋይ የተሠሩት ግድግዳዎቹ ከዛገው ብረት ጋር ፈርሰው ይታያሉ። እዚያ ሙቀት ውስጥ የሠሩት ሰዎች የርስት ወረቀት የላቸውም፤ የምንሄድ ጎብኚዎችም ከግድግዳው አንዲት የጨው ድንጋይ ብናነሣ የሚያየን የለም። ርስት በወረቀት ይጠበቃል፤ የሕዝብ የሆነ ነገር የሚጠበቀው ግን ሕዝቡ እንደ ባለቤት ጠባይ ሲኖረው ነው። መግባት መብታችን ነው ብለን የምንከራከር ሁሉ ባዶ እጃችንን ገብተን ባዶ እጃችንን መውጣትን አብረን እንማር።